ሰም የነጠበበት ድጓ

ኅዳር 6 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ ንፋስ መውጫ

ይህን ደብተር ዛሬ ከጦይባ ሱቅ ገዛሁ። ጦይባ የግድግዳ ጎረቤቴ ናት፤ አቡጀዲና ደብተር ትሸጣለች፣ ወሬ ግን በነጻ ታድላለች። «ቀኑን ሙሉ ቢሮ ስትጽፊ እየዋልሽ ደግሞ እቤትሽ ምን ልትጽፊ ነው?» አለችኝ። «የቢሮው የመንግሥት ነው፣ ይኼ የራሴ ነው» ብላት፣ «ያንቺ ወሬ በመቶ ገጽ የሚያልቅ መስሎሽ ነው? ሁለት ውሰጂ!» ብላ ሳቀችብኝ።

አንድ ወሰድኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ፣ ደስታዬን የማወራለት ሰው ፈልጌ ነው የሄድኩት። መሐል ላይ ገበያተኛ መጣባትና ግማሹ አፌ ላይ ቀረ። ግማሹን እዚህ ልጨርሰው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥቅምት ወር ከክፍለ ሀገር መዝጋቢዎች መጥተው ሰባት አብያተ ክርስቲያናት ዞርን። ቅርሱን ሁሉ በቅጽ ጽፌ፣ በጽሕፈት መኪና መትቼ የላክሁት እኔ ነኝ። ዛሬ መልስ መጣ። «በአርአያነት የሚጠቀስ ዝርዝር» ይላል! አለቃዬ ጓድ ቻላቸው ቆሞ አነበበልኝ። ከእኔ በሃያ ዓመት ያንሳል፤ ሲደሰት ጆሮው ይቀላል። «ጓድ ተሾመች፣ ጋይንትን ዓለም ሊያውቃት ነው!» አለ። ደብረ ታቦር አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ሃያ አራት ዓመት ስጽፍ፣ የጻፍኩትን ሰው አነበበው ሲባል ስሰማ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።

ከሰባቱም ዕቃ ተለይቶ ለውጭ አገር ኤግዚቢሽን የተመረጠው የትውልድ መንደሬ የዝግባ ማርያም ድጓ ነው። ቅጹ ላይ ያሰፈርኩትን ልገልብጠው፤ ደስ ስለሚለኝ ነው፦ «የብራና ድጓ። የዓመቱ ዜማ ከነምልክቱ የተጻፈበት። ቅጠሉ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። የሽፋኑ ገበታ ዋንዛ፣ ቀይ ቆዳ የለበሰ። በመጀመሪያው ሁለት ሥዕል። መለያ፦ በአርባኛው ቅጠል ኅዳግ የሰም ጠብታ።»

ጠብታው የእኔ ነው። ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ መሪጌታ ተክለ ማርያም ዓይናቸው እየደከመ ሄዶ፣ የተማሪ ጽሑፍ ከዋናው ድጓ ጋር ሲያመሳክሩ ጧፍ የምይዝላቸው እኔ ነበርኩ። እንቅልፍ ይዞኝ ሄደና ጠብ አደረግሁት። በጥፊ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «በቃ፣ አንቺም ፈረምሽ» አሉኝ።

እንግዲህ ያቺ ፊርማዬ ባሕር ልትሻገር ነው።

ኅዳር 14፣ ሐሙስ

ጓድ ቻላቸው ነገሩን ዘርዝሮ አስረዳኝ። እንግሊዞች ከመቅደላ የጫኑትን መጻሕፍት አገራችን በዓለም መድረክ ልትጠይቅ ነው። ለዚህ ደግሞ በዓለም ስብሰባ እጁን አውጥቶ የሚደግፈን ወዳጅ ያስፈልጋል። አንድ ወዳጅ አገር በዋና ከተማው የቅርሳችንን ኤግዚቢሽን ይከፍታል፤ የእኛ ድጓ መሐሉ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ በስብሰባው ስለ እኛ ይናገራሉ። የአገሩን ስም አልጽፍም፤ ገና ሚስጥር ነው ብሎኛል። ይኸው፣ ሚስጥር መያዝ እችላለሁ።

«ስንት ጊዜ ይቆያል?» አልኩት።

«ስድስት ወር። በውሰት ነው።»

ስድስት ወር ምን አላት! ለዝግባ ማርያም ሰዎች በጽዮን ዕለት ራሴ አበሥራቸዋለሁ። የአክስቴ ልጅ ካሰች እልል ስትል ከወዲሁ ይታየኛል።

ኅዳር 22፣ ዓርብ

ትናንት ለጽዮን በዓል ዝግባ ማርያም ሦስት ሰዓት በእግሬ ሄጄ፣ ሦስት ሰዓት በእግሬ ተመለስኩ። ነፋሱ በርኖሴን ሊነጥቀኝ ነበር።

ካሰች እልል አላለችም። በሯ ላይ ቆማ ነጠላዋን አጣፋች፣ ግቢም አላለችኝ። «ጾም ነው፣ የሚቀመስ የለም» አለች። ጾም መሆኑ መቼ ጠፋኝ? ውሃስ ይጾማል? ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ጥላው ሥር ሰብሰብ ብለው ሲያወሩ ጠጋ አልኩ። ዝም አሉ። እኔ ደግሞ ዝምታ ሲገጥመኝ ይብስብኛል፤ ስለ ኤግዚቢሽኑ፣ ስለ ዋና ከተማው፣ ስለ መቅደላ ለብቻዬ ለፈለፍኩ። አንዷ ከኋላዬ፣ «የመሪጌታ ልጅ መንገድ መርታ አስገባችባቸው» ስትል ሰማኋት። ማን ላይ ማንን?

አባ ወልደ ሩፋኤል መስቀል አሳለሙኝ። እሳቸው ገበዙ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት ሁሉ በእጃቸው ነው። የአባቴ ተማሪ ነበሩ፣ ልጅ ሆኜ በጀርባቸው ያዝሉኝ ነበር። «አባ፣ ደኅና ነዎት?» አልኳቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ወደሚቀጥለው ሰው መስቀሉን ዘረጉ። ሌላ ጊዜ «ተሾመችዬ» ይሉኝ ነበር።

እኔ እኮ የጻፍኩት ዝርዝር ብቻ ነው።

ታኅሣሥ 2፣ ሰኞ

ጥድፊያ። ልዑካኑ ነገ ወዲያ ይደርሳሉ። ላንድሮቨር ከደብረ ታቦር። ሁለት ንግግር ልመታ። የጽሕፈት መኪናው ሪባን ደረቀ። ጓድ ቻላቸው ምሳ አልበላም። ከስማዳ የሚመጣው ሰው በዝቷል፣ ከብት እየሸጠ ነው፤ ገብስ ተወደደ። ነገ ጸጉሬን ልሠራ።

ታኅሣሥ 5፣ ሐሙስ

ትናንት መጡ። አንዲት መነጽር ያደረገች ፈረንጅ፣ አንድ አስተርጓሚ፣ አንድ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው። ሴትዮዋ ደግ ፊት አላት። ድጓው በደጀ ሰላሙ ተዘርግቶ ስታይ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ገበታውን በካሜራ አነሣች፣ ሁለቱን ሥዕል ሃያ ጊዜ ያህል አነሣች። ከዚያ ዘጋችው።

አባ ወልደ ሩፋኤል ለአስተርጓሚው፣ «ከሥዕሉ በኋላ ያለውንስ አያዩትም?» አሉት።

«በጣም ቆንጆ ነው ትላለች።»

«ቆንጆ መሆኑን አላጣነውም። ልጄ፣ ንገራት። የእኛ ተማሪ ድጓውን በገዛ እጁ ጽፎ፣ ከዚህ ጋር አመሳክሮ፣ ተመስክሮለት ነው የሚሄድ። ሁለት መሪጌታ በአንዲት ምልክት ሲጣሉ ዳኛው ይኼ ነው። ዳኛ ወስዳችሁ በምን እንፋረድ?»

አስተርጓሚው አጠር አድርጎ አንድ ነገር ነገራት። እሷም ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች። እኔ በመካከል ገብቼ፣ «አባ፣ ስድስት ወር እኮ ነው፣ የሐምሌን ዝናብ እንኳ ሳያይ ይመለሳል» አልኩ። እሳቸውም አዩኝ። ያ አስተያየት አልወጣልኝም።

«በቴዎድሮስ ጊዜ ንጉሡ መጻሕፍቱን ከየደብሩ ሲሰበስቡ፣ ይኼ ከጎተራ ገብስ ሥር ከርሞ ተረፈ» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለጓድ ቻላቸው። «ያልተደበቀው መቅደላ ገባ። መቅደላ የገባውን እንግሊዝ ጫነው። በጣሊያንም ጊዜ ደብቀነዋል። ደባቂ አልጠፋም ነበር ያኔ።»

ጓድ ቻላቸው ጆሮው ቀላ። በደስታ አይደለም።

ታኅሣሥ 9፣ ሰኞ

ቢሮ ውስጥ ስለ አየሩ ብቻ ነው የሚያወሩኝ። ወፍጮ ቤት ሄጄ ተራ ስጠብቅ ሁለት የዝግባ ማርያም ሴቶች ቁናቸውን አንሥተው ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄዱ። ዱቄቴን ተሸክሜ ስመለስ ለካ ከራሴ ጋር እያወራሁ ነው።

እንግዲህ ልጻፈው። ሌላ ማን ይሰማኛል?

ዝግባ ማርያም ሁለት ድጓ አላት። ዋናው አለ፤ ደግሞ «የእንግዳው» የሚሉት አለ፣ የአባቴ ተማሪዎች የገለበጡት፣ ጥሩ እጅ፣ ንጹሕ፣ ሥዕል የሌለው። ሹም ሲመጣ፣ መዝጋቢ ሲመጣ የሚወጣው የእንግዳው ነው። ይኼን የመንደሩ ሕፃን ሁሉ ያውቃል፤ ማንም ለማንም አይናገረውም። በጥቅምት መዝጋቢዎቹ ሲመጡ አባ ወልደ ሩፋኤል የእንግዳውን አወጡ። የክፍለ ሀገሩ ሰውዬ ገለጥ ገለጥ አደረገና አዛጋ። አዛጋ! የአባቴን ቤተ ክርስቲያን! እኔም ደሜ ፈላ፤ ኩራት ይሁን ደስታ እንጃ፣ «አባ፣ ይኼ እኮ የእንግዳው ነው! ዋናውን ያምጡላቸው እንጂ!» አልኩ።

አባ የእንግዳውን ዘጉት። ከዚያ ሄደው ዋናውን አመጡት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሰውዬው ግን ሲያየው ማዛጋቱን ተወ። ያን ጊዜ ደስ አለኝ፤ አሁንም ልዋሽ አልፈልግም፣ በጣም ደስ አለኝ።

ታኅሣሥ 17፣ ማክሰኞ

የርክክቡን ደብዳቤ ረቂቅ ከላይ ላኩልን፣ ልመታው። «ለወዳጅ አገር ሕዝብ በስጦታ» ይላል። ስህተት መስሎኝ ወደ ጓድ ቻላቸው ገባሁ።

«ውሰት ነው ብለውኝ አልነበረም?»

ወረቀቱን አላየም። ያውቀዋል። «አንድ ሰጥተን ብዙ ለማስመለስ ነው፣ ጓድ ተሾመች። የመቅደላውን ያስቡ።»

«የተዘረፈውን ለማስመለስ ያልተዘረፈውን መስጠት?»

«ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ።» ተነሥቶ በሩን ዘጋ። «ይኼ የእኔና የእርስዎ ጉዳይ አይደለም። ርክክቡ ላይ ከቅጹ አንዲት ነገር ብትጎድል አድኃሪ ተብለን ወህኒ የምንገባው እኔና እርስዎ ነን። እኔ ሁለት ልጅ አለኝ።»

እኔ የለኝም። እሱን ግን አልጠየቀኝም።

መታሁት። በሦስት ግልባጭ።

ታኅሣሥ 20፣ ዓርብ

ታምሜአለሁ ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁና ዝግባ ማርያም ሄድኩ። የአባ ወልደ ሩፋኤል ደጅ ተዘግቷል። ከአጥሩ ውስጥ ሲያስሉ ይሰማል። «አባ፣ ተሾመች ነኝ» አልኩ። ሳላቸው ቆመ።

ተማሪዎቹ ደበሏቸውን ለብሰው እንደ በግ ተሰብስበው ያዩኛል። ካሰች ከቤቷ ደጅ ታየኛለች። ከአጥሩ ጋር ላወራ ነው? እሺ፣ ከአጥሩ ጋር አወራሁ።

«አባ፣ አይመለስም። በስጦታ ነው። ራሴ ነኝ የመታሁት። ጥር 3 ይወስዱታል።» ወደ አጥሩ ተጠጋሁ። «ቅጹ ላይ ያለው ገበታው፣ ሁለቱ ሥዕልና የቅጠሉ ቁጥር ነው። እና ያቺ ሰም። ሌላ የሚያውቁት ነገር የለም። ሴትዮዋ ከሥዕሉ አላለፈችም፣ እርስዎም አይተዋል።»

ይኼን ሁሉ ለምን እንደዘረዘርኩ እንጃ። አፌ ነው። «ደኅና ይዋሉ» ብዬ መጣሁ።

ታኅሣሥ 26፣ ሐሙስ

ጦይባ በመስኮት ጠራችኝ። የሚያወራኝ ሰው እሷ ብቻ ቀርታለች፤ እሷም ዕቃ እየመዘነች ነው።

«ያ የናንተ ገበዝ መጥተው ነበር። ቀይ ሐርና ትልቅ መርፌ ገዙ። ለምንዎ ነው ብላቸው፣ ሙት ልገንዝ ነው አሉኝ። እናንተ ሙት በመርፌ ትሰፋላችሁ?»

«ካህን ስንት ጣጣ አለው» አልኳት።

«ደብሩን ደግሞ ሱባኤ ነው ብለው ዘግተውታል፤ ተማሪ እንኳ አይገባም ይላሉ። ልደት ሊደርስ፣ ምን ዓይነት ሱባኤ ነው?»

ስለ ገብስ ዋጋ አነሣሁባት። ዓይኗን አጥብባ፣ «አንቺ ወሬ ስታስቀይሪ ዛሬ ገና አየሁ» አለችኝ።

አባቴ መጽሐፍ ሲበጠስ ራሳቸው ነበሩ የሚጠርዙት። ጥራዙን ከገበታው ፈትተው፣ በጅማት መልሰው ይሰፉታል፤ ከገበታው ውስጥ ቀይ ሐር ያለብሱታል። ዛሬ ለምን ትዝ እንዳለኝ አላውቅም።

ጥር 3፣ ሐሙስ

አስረከብን።

ሰውነቴ ቢደክምም ሁሉን በተራው ልጻፈው። ደጀ ሰላሙ መስኮት የለውም። ጓድ ቻላቸው ባትሪ ይዞ ነበር፣ ድንጋዩ ሞተበት። «ጧፍ ይምጣ» አልኩ። ዲያቆኑ አብርቶ ሰጠኝ። መጽሐፉ ከማኅደሩ ወጥቶ ጉልበቴ ላይ ተቀመጠ። አባ ወልደ ሩፋኤል ጀርባቸውን ሰጥተውን ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ አላይም አሉ። ፈረንጇና አስተርጓሚው ከአጠገቤ ቆመዋል። ጓድ ቻላቸው ቅጹን እያየ ይጠራል፣ እኔ እመልሳለሁ።

«ገበታ?»

«ዋንዛ፣ ቀይ ቆዳ።» ገበታው ያው ነው። የአባቴ መዳፍ ያለሰለሰው ጠርዝ ያው ነው። ውስጡ ግን ሐሩ አዲስ ነው።

«ሥዕል?»

«ሁለት።» እነሱም ያው ናቸው።

«ቅጠል?»

ጣቴን እያራስኩ ቆጠርኩ። ረጅም ጊዜ ወሰደ፤ ያ ዝም ብሎ የሚያየው ሰውዬ ወጥቶ ሲጋራ አጨሰ። «ሁለት መቶ አሥራ ሁለት» አልኩ። አብሮኝ የቆጠረ የለም።

«መለያ፤ በአርባኛው ቅጠል ኅዳግ የሰም ጠብታ?»

አርባኛውን ገለጥኩ። ጥሩ እጅ ነው፤ የአባቴ ተማሪዎች እጅ ነው። ንጹሕ ነው። ኅዳጉ ነጭ ነው፣ እንደ ታጠበ አቡጀዲ።

ፈረንጇ መነጽሯን ገፋ አድርጋ ጎንበስ አለች። ጓድ ቻላቸው ብዕሩን ይዞ ይጠብቃል። አባ አሁንም ወደ ግድግዳው እንደዞሩ ናቸው። ለማየት ጧፉን ጠጋ አደረግሁ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፣ እጄ እንደ ልጅነቱ አይደለም። አንዲት ጠብታ ወረደች። አውራ ጣቴን ጫንኩባት። ታቃጥላለች።

«አለ» አልኩ።

«አለ?»

«አለ፣ ጓድ ቻላቸው። ያው እንደተጻፈው።» ጣቴን ሳነሣ ደርቃ ነበር።

ሴትዮዋ አየችና ለአስተርጓሚው አንድ ነገር አለችው። እሱም፣ «እንደ እርስዎ ያለ ጥንቁቅ መዝጋቢ አላየሁም ትላለች» አለኝ። አመሰገንኳት። ከዚያ ፈረምኩ።

ላንድሮቨሩ ሲነሣ መንደሩ ለቅሶ ገባ። እንደ ሙት ነው ያለቀሱለት። ካሰች ደረቷን እየደቃች ወደ እኔ ዞራ፣ «የአባትሽ አጥንት ይፋረድሽ!» አለች። ድምፅዋ የእውነት ይመስላል። አባ ወልደ ሩፋኤል ማንንም ሳያዩ ገቡ። እኔም አለቀስኩ፤ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ አለማልቀስ ነውር ነው። ውስጤን ግን ደስ ብሎት ነበር፣ እንደዚያ የጥቅምቱ ቀን፣ ከዚያም ይበልጥ። የሚነገረው ሰው ግን የለም። ለእነሱ ብነግራቸው ይፈራሉ፤ ለጓድ ቻላቸው ብነግረው ሁለት ልጅ አለው።

ኅዳር 6 የጻፍኩትን ገጽ መልሼ አነበብኩ። ጦይባ ሁለት ደብተር ውሰጂ ብላኝ ነበር። አንዱም በዛ። ነገ ከእህል ጆንያው ታች አደርገዋለሁ፣ ከገብሱ ሥር።

ጥር 13፣ እሑድ

ጦይባ ሬዲዮዋን ከፍ አድርጋ ጠራችኝ። ቅርሳችን በወዳጅ አገር ሕዝብ ፊት ታላቅ አድናቆት እንዳገኘ፣ የተዘረፈውም እንዲመለስ ድጋፍ እንደተገለጸ ተናገረ። ቀጥሎ ማርሽ ተመታ።

«ያንቺ መጽሐፍ ነው!» አለችኝ ጦይባ። «ምነው ዝም አልሽ? አሞሻል እንዴ?»

«ጉንፋን ነው» አልኳት።

አውራ ጣቴ ላይ ውሃ ቋጥሮ ነበር፤ ዛሬ ተላጠ።

ጥር 22፣ ማክሰኞ

ትናንት የአስተርእዮ ማርያም በዓል ነበር። አልሄድም ብዬ፣ እግሬ ወሰደኝ።

ሰላም ያለኝ የለም። ካሰች ፊቷን መለሰች። አባ ወልደ ሩፋኤል መስቀሉን አሳለሙኝ፣ እንደ መንገደኛ። ከቅዳሴ በኋላ ለብቻዬ ቁልቁል ስወርድ፣ ከዝግባው ሥር ተማሪዎቹ ይከራከራሉ። አንዱ ዜማውን ይጥለዋል፣ አንዱ ያነሣዋል። እኔ ዜማ አልተማርኩም፤ ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ጧፍ ይዤ ሰምቼዋለሁ። ሁለቱም ተሳስተዋል። የአርባኛው ቅጠል ነው።

«በቃ፣ ዋናው ይፍረደን!» አለ ረጅሙ።

ያን ጊዜ አዩኝ። አንዱ ጭኑ ላይ የነበረውን በደበሎው ሸፈነ፣ ሌላው ከፊቱ ቆመ። አባ ከላይ ከደጀ ሰላሙ በር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ረጅሙ ተማሪ፣ «እትዬ፣ መንገድዎን ይሂዱ፤ እኛ ምሳችንን ልንበላ ነው» አለኝ። የለመኑበት አኩፋዳ ባዶ መሆኑን ከዚህ ሆኜ አያለሁ።

አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር እኔ አውቃለሁ። ቀላል ነበር፤ ስለ ሰሟ አንድ ቃል ብቻ ብናገር ካሰች በሯን ትከፍትልኝ ነበር፣ አባም «ተሾመችዬ» ይሉኝ ነበር። አባቴ ዝም አይነቅዝም ይሉ ነበር፤ ለእኔ ሲሉ እንደነበር አሁን ገባኝ።

«ይባርክላችሁ» አልኩና አለፍኩ። እኔ ካልራቅሁ እንደማይከፍቱት ሳውቅ፣ ዞር ሳልል እርምጃዬን አፈጠንኩላቸው። ቁልቁለቱን ጨርሼ ወንዙን እስክሻገር ድረስ ድምፅ አልነበረም። ከዚያ ጀመሩት፤ አልተሳሳቱም።